ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ ጣት እንዳይደነዝዝ፦ ለሞተር ብስክሌት ነጂዎች

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ከሐረር ተነሥቶ በማለዳ ወደ ድሬዳዋ በሞተር ብስክሌት የሚወርድ ሰው፣ ብርዱ ከአካሉ ሁሉ አስቀድሞ የሚያሸንፈው እጁን ነው። ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥርስን ነክሶ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ፍሬን የሚስቡት፣ ፍሪሲዮን የሚጨብጡትና ነዳጅ የሚሰጡት እነዚሁ ጣቶች ስለሆኑ፣ በደነዘዘ እጅ መንዳት ፍሬኑ በግማሽ የተበላሸ ሞተር ይዞ ቁልቁለት ከመግባት አይለይም። ብዙ ነጂዎች መፍትሔውን ወፍራም ጓንት በመግዛት ብቻ ይፈልጉታል። እኔ ግን የእጅ ሙቀት የሚጠበቀው መጀመሪያ በደረት፣ ቀጥሎ በእጅ አንጓ፣ ከዚያም ነፋሱን ከመሪው ፊት በማገድ ነው፤ ጓንት የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው እላለሁ።

በቅድሚያ መንገዱን እንመልከት። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመካከል ያለው የሐረማያ አካባቢ ደግሞ 2,000 ሜትር ይደርሳል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ሰማዩ በጠራበት ደረቅ ሌሊት ደግሞ መሬቱ የቀን ሙቀቱን ሳይጋረድ ስለሚለቅ፣ በሜዳማው ስፍራ ብርዱ ከዚህም ይብሳል። በድሬዳዋ በአንድ ስስ አንሶላ የሚታደርበት ሌሊት በሐረማያ ማሳ ላይ ውርጭ ሊጥል ይችላል። በዚህ ላይ የጉዞው ነፋስ ይጨመራል፤ አየሩ 5 ዲግሪ ቢሆንና ነጂው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች በሚሠሩበት ስሌት መሠረት በተገለጠ ቆዳ ላይ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ነው። ይህ ማለት ጣቱ በረዶ ይሆናል ማለት አይደለም፤ አየሩ ራሱ ከዜሮ በላይ እስከሆነ ድረስ ነፋስ ደረቅ ቆዳን ከአየሩ ሙቀት በታች ሊያወርደው አይችልም። ነፋሱ የሚያደርገው እጅ ሙቀቱን የሚያጣበትን ፍጥነት መጨመር ነው፤ ለነጂ ደግሞ አደጋው ያለው እዚሁ ላይ ነው።

አደጋውን የሚያባብሰው የመንገዱ ቅደም ተከተል ነው። ከሐረር የወጣ ነጂ አወዳይን፣ ሐረማያንና አዴሌን አልፎ እስኪሄድ ድረስ ከፍታውን ብዙም ሳይለቅ በፍጥነት ይጓዛል፤ እጁ ሙቀቱን የሚጨርሰው በዚህ ጊዜ ነው። ወዲያው ደንገጎ ላይ ይደርስና ጠመዝማዛው ቁልቁለት ይጀምራል። ጣት እጅግ የሚዝልበት ሰዓትና ፍሬን እጅግ የሚያስፈልግበት ቦታ እንዲህ ይገጣጠማሉ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ጣት ፍሬኑን ለመሳብ አንዲት ሰከንድ ብታመነታ፣ ከኩርባው ኋላ በዝግታ ከሚያዘግም የጭነት መኪና ጋር ለመጋጨት ያ ርቀት ይበቃል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ምክር ብቻ ይዞ ለሚሄድ አንባቢ እንግዲህ የምመርጥለት ይህንን ነው፦ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ደንገጎ ላይ ይቁሙ፤ ጓንትዎን አውልቀው የአውራ ጣትዎን ጫፍ ከትንሿ ጣትዎ ጫፍ ጋር በሁለቱም እጅ ያገናኙ። ጣቶቹ ያለ ችግር ካልተገናኙ እጁ ፍሬን በልክ ለመሳብ አልተዘጋጀምና እስኪሞቅ ድረስ አይውረዱ።

ጣት ከሌላው አካል ቀድሞ የሚቀዘቅዝበትን ምክንያት ማወቅ መፍትሔውን ለመምረጥ ይጠቅማል። የሰው አካል በደረት፣ በሆድና በራስ ቅል ውስጥ ያሉትን ብልቶች በ37 ዲግሪ አካባቢ ጠብቆ ለማቆየት የሚተጋ በመሆኑ፣ ብርድ ሲሰማው ወደ እጅና ወደ እግር የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠባል። በጣት ውስጥ ደግሞ ሙቀት የሚያመነጭ ጡንቻ የለም ማለት ይቻላል፤ ጣቶችን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋና ዋና ጡንቻዎች የሚገኙት በክንድ ላይ ሲሆን፣ ከጣቶቹ ጋር የተያያዙት በረጃጅም ጅማቶች ነው። ስለዚህ የጣት ሙቀት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከደም የሚመጣ ነው። ደሙ ከቀነሰ የጓንቱ ውፍረት ምን ያህል ቢሆን ጣቱን አያሞቀውም፤ ጓንት የመጣውን ሙቀት ያቆያል እንጂ ሙቀት አይፈጥርምና። የጣት ቆዳ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ቅልጥፍናው መቀነስ ይጀምራል፤ ከዚያም ሲወርድ የመዳሰስ ስሜቱ ራሱ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ነጂው ፍሬኑን ምን ያህል እንደጨበጠ በእጁ ሳይሆን በሞተሩ መንገራገጭ ብቻ ነው የሚያውቀው።

እንግዲህ ሥራው ከደረት ይጀምራል። ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ከላይ፣ የሱፍ ሹራብ ከውስጥ፣ ከቆዳ ጋር ደግሞ ላብን የማይዝ ስስ ልብስ ቢለበስ፣ አካሉ ሙቀት እንዳልጎደለው ስለሚሰማው ለእጅ ደም አይነፍግም። በጃኬቱና በሹራቡ መካከል ደረት ላይ የታጠፈ ጋዜጣ ማስገባት የቆየ ዘዴ ነው፤ ዛሬም ይሠራል፤ የወረቀቱ ድርብርብ ነፋሱን ከማገዱም በላይ በገጾቹ መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ይይዛል። ጋቢን በጃኬት ላይ ደርቦ መንዳትን ግን በፍጹም አልመክርም፤ ጫፉ ከኋላ ጎማ ወይም ከሰንሰለት ጋር ከተጠቀለለ የሚያስከትለው ጉዳት ከብርዱ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ጋቢ መልበስ የሚፈልግ ሰው አጥፎ ከጃኬቱ ሥር በደረቱ ላይ ያድርገው። አንገትም እንዲሁ ችላ መባል የለበትም፤ የአንገት ደም ሥሮች ለቆዳ ቅርብ ስለሆኑና ነፋሱ በሄልሜቱና በጃኬቱ መካከል በቀጥታ ወደ ደረት ስለሚገባ፣ አንገትን የሚከብና ጫፎቹ ወደ ውስጥ የተሸጎጡ የሱፍ ሻርፕ የእጅ ጓንትን ያህል ለእጅ ይጠቅማል። ከመነሣት በፊት መብላትም የዚሁ አካል ነው፤ በባዶ ሆድ የሚነዳ ሰው ሙቀት የሚያመነጭበት ነዳጅ የለውምና፣ ማለዳ 11 ሰዓት ላይም ቢሆን ገንፎ ወይም ቂጣ ከትኩስ ሻይ ጋር ቀምሶ ቢነሣ ይሻለዋል።

ከደረት ቀጥሎ የእጅ አንጓ ይመጣል። ወደ ጣት የሚሄደው ደም በአንጓ ላይ ከቆዳ በታች እምብዛም ሳይርቅ ያልፋል፤ ነጂው እጁን ወደ ፊት ሲዘረጋ ደግሞ የጃኬቱ እጅጌ ወደ ኋላ ይሸሽና ይህ ቦታ ተገልጦ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላል። የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ወጪ የለውም፦ አንድ አሮጌ የሱፍ ካልሲ ወስደው የጣቱን በኩል ይቁረጡና፣ በጎኑ የአውራ ጣት ማስገቢያ ቀዳዳ አበጅተው ከጓንቱ ሥር ከመዳፍ እስከ ክንድ እኩሌታ ያጥልቁት። በጣም የጠበቀ ላስቲክ ያለው ካልሲ ግን አይምረጡ፤ አንጓን የሚያስር ነገር ሁሉ፣ ጠባብ የእጅ ሰዓትና የጣት ቀለበት ጭምር፣ ደሙን ስለሚያግድ ከጉዞ በፊት ወልቆ ኪስ ውስጥ ቢገባ መልካም ነው።

ነፋሱን ከመሪው ፊት ማገድ፣ በእኔ ግምት፣ ከሚወጣበት ገንዘብ አንጻር ከሁሉ የበለጠ ጥቅም የሚሰጥ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ፋብሪካ የሠራው የእጅ መከለያ ከተገኘ ጥሩ ነው። ካልተገኘ ግን ከአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ጎን ሁለት ሰፋፊ ቁራጮች ማውጣት ይቻላል። ቁራጩ ከጨበጡት እጅ ቁመትና ስፋት በየአቅጣጫው ሁለት ጣት ያህል የሚተርፍ ይሁን፤ ጀሪካኑ በተፈጥሮው ጎባጣ ስለሆነ ጎባጣው ወደ ፊት እንዲዞር ቢደረግ ነፋሱን ወደ ጎን ይከፍላል። ጠርዙ ስለት ስለሚኖረው በአሸዋ ወረቀት ይለስልስና በኤሌክትሪክ ፕላስተር ይሸፈን። አንደኛው ጫፍ በስፖኪዮው እግር ላይ፣ ሌላው ከእጀታው ውጫዊ ጫፍ አጠገብ በመሪው ላይ ይታሰር፤ የስፖኪዮው እግር ጠንካራ ስለሆነ ሸክሙን እንዲሸከም ማድረግ ይሻላል። ከታሰረ በኋላ ሞተሩ ቆሞ ሳለ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩት፤ መከለያው የነዳጅ ታንኩን፣ ሽቦዎቹን ወይም የፍሬኑን እጀታ መንካት የለበትም። የነዳጅ መስጫውን ጠምዝዘው ሲለቁትም በራሱ ፈጥኖ ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ በዚያ መከለያ ለአንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መነዳት የለበትም።

ሁለተኛው ዘዴ እጀታውን፣ ፍሬኑንና እጅን አንድ ላይ የሚከት ሰፊ ከረጢት ማሰፋት ነው። በሐረር ጀጎል ውስጥ በመኪና ግርግር መንገድ ዳርና ዳር ተቀምጠው የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች፣ ልኩንና ዓላማውን በደንብ ካስረዷቸው፣ ከውጭ የሸራ ወይም የሰው ሠራሽ ቆዳ፣ ከውስጥ የአሮጌ ብርድ ልብስ ገበር ያለው ከረጢት አሳምረው ሊሰፉ ይችላሉ። ልብ ሊባል የሚገባው የመግቢያው ስፋት ነው፤ እጅ ሳይነካካ በአንድ ጊዜ የሚገባበትና የሚወጣበት መሆን አለበት፤ ነጂው ሲወድቅ እጁ በከረጢቱ ውስጥ ከተያዘ አንጓው ሊሰበር ይችላልና። አፉ በነፋስ ተጭኖ ፍሬኑ ላይ እንዳይተኛም በጠርዙ ውስጥ ወፍራም ሽቦ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ማስገባት ያስፈልጋል። ከረጢቱ ውስጥ በስስ ጓንት መንዳት ስለሚቻል፣ ጣት ፍሬኑን የሚዳስስበት ስሜት ይጠበቃል። የብረቱን እጀታዎች በጨርቅ ፕላስተር መጠቅለልም አይረሳ፤ ብረት ሙቀትን ከጣት ፈጥኖ ይወስዳልና።

አሁን ጓንት ላይ ደረስን። ስለዚህ ጉዳይ ጥሩ ትምህርት የሚሰጡን በቀዝቃዛ ባሕር ላይ በትልቅ ካይት (ነፋስ በሚያበርረው ሰፊ ሸራ) እየተጎተቱ በሰሌዳ የሚንሸራተቱ ስፖርተኞች ናቸው። እነርሱም እንደ ሞተር ነጂ በነፋስ ውስጥ ሆነው አንድ ዘንግ ለረጅም ጊዜ ይጨብጣሉ፤ በዚያ ላይ እጃቸው እርጥብ ነው፤ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ በሚበልጥ ፍጥነት ያስተላልፋል። ልምዳቸው እንደሚያሳየው ወፍራም ጓንት በእያንዳንዱ ጭብጥ ላይ ጣትን ወደ ኋላ ስለሚገፋ ክንድን ያደክማል፤ የተጨነቀ ክንድ ደግሞ ደም በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ ብዙዎቹ ሰውነታቸውን በወፍራም ልብስ አሙቀው እጃቸውን በስስ ጓንት፣ አንዳንዶቹም መዳፉ ክፍት በሆነ ጓንት ያደርጋሉ። ለእኛም ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ከአንድ ወፍራምና ጠባብ ጓንት ይልቅ አንዱ በሌላው ላይ የሚጠለቁ ሁለት ልል ጓንቶች ይመረጣሉ፦ ከውስጥ ስስ የሱፍ ወይም የሐር፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባና መዳፉ ቆዳ የሆነ። ሲለኩት ጣቶችዎን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ጨብጠው ይሞክሩ፤ በጣቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ይኑር፤ ሁለቱንም ጓንት እንዳጠለቁ ሳንቲም ከጠረጴዛ ላይ ማንሣት ከቻሉ ልኩ ተስማምቷል።

የላዩ ጓንት ነፋስ የሚያስገባ የክር ጓንት ብቻ ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል የሐኪም ቤት ስስ የላስቲክ ጓንት ማጥለቅ ነፋሱን በእርግጠኝነት ይገታል። ላብ ስለሚያጠራቅም ግን ለአጭር ርቀት ይሁን፤ በየማቆሚያውም ወልቆ እጁ ይድረቅ። በእጅ ላይ ፌስታል ማሰር ግን ስለሚያንሸራትት ተገቢ አይደለም። ጥጥ ከረጠበ በኋላ ሙቀት አይዝም፤ ሱፍ ግን እርጥብ ሆኖም በመጠኑ ያሞቃል። በደረቁ ብርድ የጓንቱ አፍ ከጃኬቱ እጅጌ በላይ ይሁን፤ ነፋሱ ወደ ክንድ እንዳይገባ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ግን በተቃራኒው ጓንቱ ከእጅጌው ሥር ይግባ፤ ከትከሻ የሚወርደው ውሃ ጓንቱ ውስጥ ገብቶ እንዳይጠራቀም።

በጉዞ ላይ ሳሉ ጣት መሞቁን ሲቀንስ ከመደንዘዙ በፊት ይቁሙ። ሕመም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሕመሙ ያለ ምክንያት ጠፍቶ ጣቱ ምንም ካልተሰማው ግን ነገሩ ተሻሽሎ ሳይሆን ብሶ ነው። ከሞተሩ ወርደው ክንድዎን ከትከሻው ጀምረው በሰፊው ክብ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ያሽከርክሩ፤ የሚሽከረከረው ክንድ ደሙን ወደ ጣት ጫፍ ይገፋል። ቀጥሎ እጆችዎን በጃኬቱ ውስጥ ከብብትዎ ሥር ያድርጉ። አንዳንድ ነጂ እጁን በሞተሩ ወይም በማርሚታው ላይ ሲያደርግ ይታያል፤ የደነዘዘ ጣት ትኩሳቱን ስለማይለይ ቆዳው ሳይታወቅ ይቃጠላል። በብርቱ ማሸትም አይጠቅምም። በሃይላንድ ጠርሙስ ለብ ያለ ውሃ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በካልሲ ጠቅልሎ ከጃኬት ሥር መያዝ ግን ቀላልና ጥሩ ዘዴ ነው፤ የፈላ ውሃ የፕላስቲኩን ጠርሙስ ስለሚያጣምመው ይጠንቀቁ። በማቆሚያው ላይ የሚጠጣ ትኩስ ሻይ ወይም ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢም ብርጭቆውን በሁለት እጅ እንደያዙ ቢጠጣ ከሁለት ወገን ያሞቃል። እጁ ሲመለስ መቆጥቆጡና መውጋቱ የተለመደ ነው፤ እስኪያልፍ ይታገሡ እንጂ በዚያ ሁኔታ አይንዱ።

ስለ ጫትና ስለ ሲጋራ ሳልናገር ባልፍ ግዴታዬን አልተወጣሁም። ሁለቱም የደም ሥርን ያጠባሉ። ሌሊቱን ሲቅም ያደረ ነጂ ንቁ የሆነ ቢመስለውም፣ ወደ ጣቶቹ የሚሄደው ደም ገና ሳይነሣ ቀንሷል፤ እንቅልፍ ማጣቱም ሳይቆጠር ማለት ነው። አልኮል ደግሞ ለጊዜው ሙቀት የሰጠ ይመስላል እንጂ የቆዳን ደም ሥሮች ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ያባክናል፤ ለነጂ መከልከሉም የታወቀ ነው። አወዳይ ላይ ቆሞ ጉንጩን ሞልቶ ወደ ደንገጎ የሚነሣ ወንድማችን ይህን አውቆ ቢነሣ ደስ ይለኛል።

ጣቱ በመጠነኛ ብርድ ጭምር እንደ ወረቀት ነጥቶ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆኖ፣ ሲሞቅ ደግሞ የሚቀላ ሰው፣ ጉዳዩ ከጓንት በላይ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ቢያሳይ ይገባዋል፤ በሐረር ሕይወት ፋና፣ በድሬዳዋም ድል ጮራ ሆስፒታል አሉ። በሞተሩ መንቀጥቀጥ ምክንያት የሚመጣ መደንዘዝም አለ፤ ይህኛው በሞቃት ቀን ጭምር ስለሚሰማ ከብርዱ ይለያል፤ የመሪውን እጀታ ላስቲክ በወፍራም መለወጥና መሪውን አጥብቆ አለመጨበጥ ያቃልለዋል።

ከድሬዳዋ ወደ ላይ የሚወጣ ነጂ ችግሩ ሌላ ነው። ሲነሣ ስለሚሞቀው ልብሱን አስሮ ከኋላ ይጭናል፤ ብርዱ ሲሰማው ደግሞ «ጥቂት ነው የቀረኝ» እያለ ይገፋል። የቀዘቀዘን እጅ መልሶ ማሞቅ ሙቁን እጅ ከማቆየት እጅግ ስለሚከብድ፣ ሹራቡና ጓንቱ ብርዱ ሳይመጣ ዳገቱ መካከል ላይ መለበስ አለባቸው። ይህ በተለይ ለታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል በሞተር ለሚሄዱ ምእመናን ይመለከታል። ክብረ በዓሉ የሚውለው ብርዱ በሚጠናበት ወቅት ሲሆን፣ ብዙ ሰው ደንገጎን የሚያቋርጠው በሌሊት ነው። ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነጂው ከነፋሱ ስለሚከልለው ብርዱ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ነጂው ሲቆም ተሳፋሪውም ወርዶ እጁን ያንቀሳቅስ፣ ተራ እየገቡ መንዳት ከቻሉም ይቀያየሩ። በጉዞው ላይ የረጠበው ጓንት ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ በሌሊቱ ብርድ አይደርቅምና፣ ለመልሱ ጉዞ ሌላ ደረቅ ጓንት በፌስታል ጠቅልለው በደረት ኪስዎ ይያዙ።